እሳት ልጭር ነው የመጣሁት

ባለፈው ሰሞን እኛን ሽማግሌዎቹን መርሳ አዳራሽ ጠርተውን ነበር። ቆብ አደሉን፣ የላስቲክ ውሃ አደሉን። መነጽሬን ረስቼ ስለሄድኩ ቆቡ ላይ ምን እንደተጻፈ አጠገቤ የተቀመጠውን ሰው ብጠይቀው «አረጋውያንን በቤታቸው እንንከባከብ ነው የሚለው» አለኝ። እሺ፣ ደግ። ከወልድያ የመጣች አንዲት አፈ ጣፋጭ ልጅ ተነስታ ማስረዳት ጀመረች። ሽማግሌ ከቤቱ ሳይነቀል፣ ከጎረቤቱ ሳይለይ፣ ሰፈሩ ዙሪያውን ሆኖ እንዲያኖረው ነው የምንፈልገው አለች። እውነቷን ነው ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። ቀጥላ ግን «ይህ ለአካባቢያችን አዲስ አሰራር ነው» ስትል ደሜ ፈላ። እጄን አወጣሁ። «አባባ፣ ጥያቄ በመጨረሻ ነው» አለችኝ። «ጥያቄ አይደለም» አልኳት። «አስተያየትም በመጨረሻ ነው፣ አባባ።» ቆቡን ወንበሩ ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። ከኋላዬ ሰው ሲስቅ ሰማሁ። ይሳቅ። በዚህ ዕድሜዬ ለመናደድም ተራ ልጠብቅ?

በልጅቷ አልፈርድም፤ ስትወለድ ያልነበረውን ከየት ታውቀዋለች። እኔን ያናደደኝ የቆምንበት መሬት ነው። ያ አዳራሽ የተሠራው እሜት ዘሃራ ምድጃ ላይ ነው። አዎ፣ ምድጃቸው ላይ። ተናጋሪዎቹ የሚቆሙበት ከፍ ያለው ቦታ ትክክል መደባቸው ነበር። ይህን የሚያውቅ ሰው በመርሳ ስንት እንደቀረ አላውቅም፤ ስለዚህ እኔ ልጻፈው። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ጽሑፌ ቢንጋደድ ያስተማሩኝን ውቀሱ። ደርግን ራሱ ደርግ ባስቆጠረኝ ፊደል ስወቅሰው ደግሞ ደስ ይለኛል።

ያኔ መርሳ እንዲህ አልነበረችም። የደሴ አውቶቡስ ውርጌሳን አልፎ መርሳ ሲደርስ ይቆማል፤ እኛም ፓፓያና ብርቱካን በቅርጫት ተሸክመን መስኮቱ ስር እንጋፋለን። በስሙኒ ሻይ ከነፓስቲው ይገኛል። የከተማው ጎረምሳ ታቹ የሰፋ ቴትሮን ሱሪ ለብሶ አቧራውን በሱሪው እየጠረገ ይሄዳል፤ እኔ ሽርጤን አልቀየርኩም፣ ዛሬም አልቀየርኩም። እግራችን ላይ ኮንጎ ጫማ ነበር፣ በሐሩሩ እግር የሚቀቅል። ሻይ ቤቱ በር ላይ የተሰቀለው ሬዲዮ ጠዋት ማርሽ ያስጮኻል፤ ማርሹ አልቆ አንዳንዴ አምባሰል ሲገባ ሰው ሁሉ ብርጭቆውን አስቀምጦ ይተክዛል። ሐሙስ ሐሙስ ከታች ሰፈር የመንዙማ ድቤ ይሰማል። ስኳር፣ ጨው፣ ሳሙናና ክብሪት ከኅብረት ሱቅ በሰልፍ ይወሰዳል። ስኳር ይጠፋ ነበር፣ ሳሙና ይጠፋ ነበር፤ ክብሪት ግን አጥተን አናውቅም። ክብሪት አላጣንም ያልኩት በከንቱ አይደለም፤ ነገሩ ወዲያው ይገባችኋል።

እሜት ዘሃራ ከመንገዱ ገባ ብሎ፣ ከዋርካው በላይ ነበር ቤታቸው። ባላቸው የበቅሎ ነጋዴ ነበሩ፤ ጣሪያውን ቆርቆሮ አልብሰው ብዙም ሳይቀመጡበት ሞቱ። አንድያ ልጃቸውን ለውትድርና ወሰዱት፤ የት እንደገባ የነገራቸው የለም። ዓይናቸው ግርዶሽ ጥሎበት ጥላ እንጂ መልክ አይለዩም ነበር። ቤታቸውን ግን በእጃቸው ያውቁታል፤ ጨዉ የቱ ጋ እንዳለ፣ ምሰሶው ላይ የቱ ጋ ጉብ እንዳለው። የመርሳን ግማሽ ሰው ያዋለዱት እሳቸው ናቸው። «እኔ ከዚህ ቤት የምወጣው በቃሬዛ ነው» ይሉ ነበር። ለእርዳታ ደግሞ ጠላት ነበሩ። አንድ ሞኝ «ለእርስዎ ነው» ብሎ ዱቄት ይዞ ቢገባባቸው በከዘራ እስከ ዋርካው አባረሩት። «ምጽዋት በላ አደረግኸኝ?» እያሉ። ሰውየው ዱቄቱን በመንገዱ ላይ እያፈሰሰ ሲሮጥ ዶሮዎች ተከትለውት ነበር፤ እሱን ያየ ሁሉ ለብዙ ጊዜ ሳቀበት።

እንዲህ ያለ ሰው እንዴት ይጦራል? እኛ ዘንድ መላ ነበረው። እናቴም ለሌላ አሮጊት ስታደርገው ልጅ ሆኜ አይቻለሁ። ሽማግሌ ቤት ሰጥተህ አትገባም፤ ለምነህ ነው የምትገባ። ባለቤቴ ከዲጃ ማለዳ ማለዳ የገንቦ ስባሪ ይዛ ትሄዳለች።

«አሰላሙ አለይኩም እሜትዬ፣ እሳት ልጭር ነው የመጣሁት።»

«ወአለይኩም ሰላም። ዛሬም?»

«ዛሬም።»

«አጃኢብ! አንቺ ምን ዓይነት ሴት ነሽ? አመድ አልብሶ እሳት ማሳደር እንዴት ያቅትሻል? ባልሽ ምን ሠርቶ ነው አላህ አንቺን የሰጠው?»

«እሱንስ እሱን ይጠይቁልኝ።»

ፍሙን እየመረጠች ዓይኗ ሁሉን ይቃኛል። አድረዋል ወይ፣ በልተዋል ወይ፣ እግራቸው አብጧል ወይ፣ መኝታቸው ደርቋል ወይ። ከዚያ ፍሙን ይዛ መጥታ ደጃፋችን ላይ ትደፋዋለች። የእኛ ምድጃማ ሲንተገተግ ነው ያደረው! በሰፈሩ እንደ ከዲጃ እሳት የምታሳድር ሴት አልነበረችም። ስሟ ግን «እሳት የማታሳድረዋ» ሆኖ ቀረ። አንድ ጊዜ አማቴ ከውርጌሳ መጥተው ይህን ስም ከእሜት ዘሃራ አፍ ሰሙና ተቆጥተው ቤቴ ገቡ። «ልጄን እንዲህ ብላችሁ ታሰድባላችሁ? እኔ ነኝ ያላስተማርኳት?» አሉ። ከዲጃ ምክንያቱን በጆሯቸው ብትነግራቸው ቁጣቸው በረደ፤ በማግስቱ ጠዋት ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ገሉን ተቀብለው እሳት ሊጭሩ ራሳቸው ሄዱ። «እናቷ ነሽ? ከአንቺ ነው ለካ የወረሰችው!» ተብለው ተመለሱ። ወላሂ፣ እንደዚያ ቀን ስቄ አላውቅም።

ምሳ ሲደርስ ተራው የትርንጎ ነው። ትርንጎ ከጀርባችን የምትኖር ክርስቲያን ጎረቤታችን ናት። በሥጋ አንገናኝም እንጂ ሽሮ ሃይማኖት የለውም። «እሜትዬ፣ ጨው መመጠን ጠፍቶብኛል፣ እስቲ ቅመሱልኝ» ትላለች። ይቀምሳሉ። «ትንሽ ጎድሎታል መሰለኝ፤ እስቲ ድገሚኝ» ይላሉ። እየደገሙ እየደገሙ ሳህኑ ሲያልቅ «አይ፣ ደህና ነው ለካ» ብለው ያሰናብቷታል። የሰፈሩ ሴቶች ውሃ ቀድተው ሲመጡ «ያለ እርስዎ እንስራ ውሃ አይቀዘቅዝልንም» ብለው ይሞሉላቸዋል፤ ሲመለሱ አንድ ጣሳ ቀድተው ይሄዳሉ። እኔ ደግሞ እንጨት። «እሜት፣ ቤቴን ምስጥ ገብቶበታል፣ እንጨቴን ግቢዎ ላስቀምጥ» አልኳቸው። «ኪራዩስ?» አሉኝ። «ከራሱ ከእንጨቱ እያነሱ ይማግዱ።» አሰቡና «እስማማለሁ፤ እርጥብ ግን እንዳታመጣብኝ» አሉ። አንድ ቀን እርጥብ ቀላቅዬ ብወስድ አስመለሱኝ፣ ይኸው ነው። እንዲህ ሆነን ዓመታት ኖርን። ሠፈሩ ሁሉ ባለዕዳቸው መስሎ፣ እሳቸውም ሰፈሩን ተሸክመው የሚኖሩ መስሏቸው።

ዛሬ እኔም ብቻዬን ነኝ፤ ከዲጃን አላህ ይማራት። ኮምቦልቻ ያለችው ልጄ ና ትለኛለች፣ አልሄድም። ባለፈው ዓመት የሆኑ ጎረምሶች አንድ ሌትር ዘይትና ሁለት ሳሙና ይዘው መጡ። ተቀበል አሉኝ። ልቀበል እጄን ስዘረጋ «ቆይ አባባ፣ እንደዚህ ያዙት፣ ወደዚህ ይዩ» ብለው ፎቶ አነሱኝ። አንደኛው «ፈገግ ይበሉ» አለኝ። ዘይቱን መለስኩላቸው። «ምን አጠፋን?» አሉ። ምን ብዬ ላስረዳቸው! ሰው ሲሰጥህ የሚያይ ምስክር ካስፈለገው ለአንተ አይደለም የሰጠው። እሜት ዘሃራ ከዘራ ነበራቸው፤ እኔ ለዚያም ጉልበት የለኝም።

ወደ ነገሬ ልመለስ። አንድ ካድሬ ከአውራጃው ተላከ። ካኪ ለባሽ፣ ደረት ኪሱ ላይ ሁለት እስክርቢቶ የሚሰካ፣ አንዱ ቀይ። ቀበሌው አዳራሽ የለውም ብሎ ተቆጣ። ቦታ ሲመርጡ ዓይናቸው የእሜት ዘሃራ ግቢ ላይ አረፈ፤ ከመንገድ ቅርብ፣ ሜዳማ። ያኔ «ጧሪ ቀባሪ የሌላቸውን ወደ መጦሪያ ማስገባት» የሚባል ሥራ ነበር። ጧሪ የላትም ካሉ እሳቸውን ደሴ ይወስዳሉ፣ መሬቱን ለአዳራሹ ይወስዳሉ። በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ የሚባለው ይህ ነው። የቀበሌው ሊቀመንበር የሰፈራችን ልጅ ነበር፤ እሜት ዘሃራ ናቸው ያዋለዱት። ከስብሰባው በፊት ቤቴ መጣና መሬት መሬት እያየ «ጋሽ እንድሪስ፣ ሰፈሩ ‹እኛ እንጦራቸዋለን› ብሎ ከመሰከረ ቤቱ ሳይፈርስ ይቆማል። ሌላ መላ የለኝም» አለኝ።

«እሳቸው በተቀመጡበት?»

«ስብሰባ ነው፤ መቅረት አይቻልም።»

ሲወጣ እኔና ከዲጃ ተጣላን። እኔ አስቀድመን እንንገራቸው አልኩ።

«ምን ብለህ? ‹ስንጦርዎት ነው የኖርነው› ብለህ? ከነገ ጀምሮ በራቸውን ይዘጉብናል። በረሃብ ይሞታሉ እንጂ አይከፍቱም» አለች።

«ካልመሰከርን ደግሞ ይወስዷቸዋል።»

«እንመስክራ! ግን ለስለስ አድርገን። አንተ አትናገር፤ አንተ ስትናገር ሰው ይደማል። ትርንጎ ትናገር።»

ትርንጎ ትናገር ተባለ።

ዋርካው ስር ተሰበሰብን። መፈክር ተባለ፣ እጅ ወጣ፣ እጅ ወረደ። ካድሬው «አብዮቱ ጧሪ ቀባሪ የሌለውን አይጥልም!» አለ፤ አጨበጨብን፣ ማጨብጨብ ግዴታ ነው። ከዚያ የእሜት ዘሃራን ስም ጠራና «ይህችን እናት የሚጦር አለ?» አለ። ትርንጎ ተነሳች። «አለ ጌታዬ። እኛ አለን። ጎረቤት ነን፣ ውሃውንም ምግቡንም እሳቱንም... አብረን ነው የምንኖር። እኛ እንጦራቸዋለን» አለች። ከዲጃ ተነሳች፣ እኔም ተነሳሁ፣ ከኋላችን ብዙ ሰው ተነሳ። ካድሬው ተደነቀ መሰለኝ፣ እስክርቢቶውን አወጣ። ሊቀመንበሩ ተንፈስ አለ።

ያኔ እሜት ዘሃራ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ብድግ አሉ።

«ማን? እኔን? እነዚህ?»

ሰው ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ።

«ማነው ጧሪዬ? ያቺ የትርንጎ ድምፅ ናት? ጨው መመጠን የማትችለዋ? ያቺኛዋ ከዲጃ፣ እሳት ማሳደር ያቃታት? ባሏስ፣ ቤቱን ምስጥ የበላበት? ኧረ እናንተ ሰዎች! እኔ ባልኖር እነዚህ በረሃብና በብርድ ያልቁ ነበር እኮ!»

ስብሰባው በሳቅ ተናጋ። እኛ ሦስታችን ግን እንደቆምን ደረቅን። ካድሬውም ሳቀ። ከዚያ ወደ እሳቸው ዞረና «እና ጧሪ የለሽም?» አላቸው። አንቺ አላቸው! የልጅ ልጃቸው የሚሆን፣ በእኛ አገር፣ በሰው ፊት፣ አንቺ!

«የለኝም! አያሻኝምም!» አሉ በኩራት።

ካድሬው ቀዩን እስክርቢቶ አነሳ። «የለኝም» ያሉትን ጻፈ። «አያሻኝም» ያሉትን አልጻፈም።

ስብሰባው እንዳለቀ ሊቀመንበሩን ያዝኩት። «ታውቃለህ እኮ! እናትህ እንኳ ለእሳቸው ውሃ ስትሞላ ነው የኖረችው» አልኩት። «ጋሽ እንድሪስ፣ ራሳቸው ናቸው የተናገሩት፤ እኔ ምን ላድርግ» አለኝ። ሰዎች ያጠፋችሁት እናንተ ናችሁ ይሉናል፣ አጉል ደብቃችሁ ነው ይሉናል። አልቀበልም! ዛሬም አልቀበልም። የሰውን ክብር ትቶ ሆዱን የሚሞላ እንክብካቤ አላውቅም። ጥፋቱ እኮ ከጥያቄው ነው። «ማን ይጦርሻል» ተብሎ ኮርቶ የኖረ ሰው ይጠየቃል? ካድሬው እዚያው ሰፈር ገብቶ አንድ ጠዋት ቢቀመጥ፣ የማን እግር እንደሚመላለስ ያይ ነበር።

ሳምንቱ ሳያልቅ ኡራል መኪና መጣ። አብዮት ጥበቃዎች ጠመንጃ አንግተው ግቢው ገቡ። በሩ ላይ ቆሜ «ጧሪ ልጅ ነበራቸው፤ እናንተው ናችሁ የወሰዳችሁት። እሱን መልሱና ይህን ቤት ውሰዱ» አልኩ። ሰደፍ በትከሻዬ ቀመስኩ፤ ወደቅሁ። እሜት ዘሃራ ወዴት እንደሚሄዱ የገባቸው ያኔ ነው። በእጃቸው ምሰሶውን አቀፉት። ሁለት ወንድ ነው ያላቀቃቸው። አንደኛው እያለቀሰ ነበር፤ ቢያለቅስስ! ማላቀቁን አልተወም። መኝታቸውንና የውዱ ማንቆርቆሪያቸውን ወረወሩላቸው፤ እሳቸውንም አንስተው እንደ ጤፍ ኩንታል ከኋላ ጫኗቸው። ሰፈሩ ሁሉ ወጥቷል፣ ሴቶቹ ይጮኻሉ። ሞተሩ ሲነሳ እሳቸው የመኪናውን ጠርዝ ይዘው ቆሙና ወደ ጩኸቱ ዞረው ተጣሩ።

«ከዲጃ! ከዲጃ የታለች?»

«አለሁ እሜትዬ!»

«እሳቱን አመድ አልብሼዋለሁ፤ እስከ ነገ አይጠፋም። ቤቱን ሳይዘጉት ቶሎ ብለሽ ጫሪ። ለትርንጎም ስጫት። ጨው ከምሰሶው ስር አለ። ነገ ግን ከማን ትጭራላችሁ? ኧረ እናንተ ልጆች፣ ነገ ከማን ትጭራላችሁ?»

መኪናው ወደ ውርጌሳ መንገድ ታጠፈ፤ እሳቸው አቧራው ውስጥ ሆነው አሁንም ይጠይቃሉ። የኅብረት ሱቁ ክብሪት ከዲጃ መቀነት ውስጥ ነበር።

ደሴ ድረስ ሄደን አንድ ጊዜ ጠይቀናቸዋል። እውነት ለመናገር መጦሪያው ክፉ አልነበረም። የብረት አልጋ አለ፣ ነጭ አንሶላ አለ፣ ዳቦው በሰዓቱ ይመጣል። ግን ከስተዋል፣ ድምፃቸው ወርዷል። «ምን ጎደለዎት እሜት?» አልኳቸው። «ምንም። ሁሉን ያመጡልኛል። የሚለምነኝ የለም እንጂ» አሉኝ። ክረምቱን አልተሻገሩም። ቃሬዛቸውን የተሸከመው የማያውቃቸው ሰው ነው። እኛ የሰማነው ከተቀበሩ በኋላ ነው። ቤቱን ደግሞ የሄዱ ዕለት ነበር ያፈረሱት፤ አዳራሹም ተሠርቶ ስለ ሰፊው ሕዝብ ደኅንነት ብዙ ተነገረበት።

ከዲጃ ከዚያ በኋላ እሳት ማሳደር ተወች። ያቺ በሰፈሩ አንደኛዋ እሳት አሳዳሪ፣ ምድጃውን ውሃ አፍስሳ ታድራለች፤ ጠዋት ክብሪት ትጭራለች። በጫረች ቁጥር እሜት ዘሃራን የወሰዱትን ሰዎች «አላህ ይይላቸው!» ትላለች። አንድም ቀን አልዘለለችም። ልጆቻችን በዚህ አደጉ። ትልቅ እስኪሆኑ ድረስ፣ ለምግብ ቢስሚላህ እንደሚባለው ሁሉ፣ ክብሪት «አላህ ይይላቸው» ካልተባለበት የሚበራ አይመስላቸውም ነበር።